በዝዋይ፣ በአብያታና በሻላ ሐይቆች ዳርቻ አእዋፍንና ነፍሳትን መመልከት፦ ለጎብኚዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት የዝዋይ (ደምበል)፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ጉዞ ሊደረስባቸው ከሚችሉ ዋና ዋና ውኃ አዘል ሥፍራዎች መካከል ናቸው። ውኃ አዘል መሬት ሲባል ረግረጉን፣ ጥልቀት የሌለውን የሐይቅ ዳርቻ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ፣ እንዲሁም ሸምበቆ፣ ፊላና ደንገል የሚበቅልበትን ሥፍራ ሁሉ ያጠቃልላል። ይህ ማብራሪያ በእነዚህ ሥፍራዎች በእግር እየተዘዋወሩ አእዋፍንና ነፍሳትን ለመመልከት ለሚፈልጉ ዜጎች፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የት ምን እንደሚታይ፣ የታየው እንዴት እንደሚለይ፣ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግና የተመለከቱትን እንዴት መመዝገብ እንደሚገባ ያስረዳል።

የአእዋፍ ምልከታ ለብዙዎች የወፎችን ስም ማወቅ ብቻ ይመስላል። በእነዚህ ሐይቆች ግን ከስሙ ይልቅ የሚጠቅም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ይህ ወፍ የሚመገበው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ዓሣ የሚበላ ወፍ ባለበት ዓሣ አለ፤ የቀድሞው ዓሣ በል ወፍ በማይታይበት ደግሞ በውኃው ላይ አንድ ለውጥ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚጓዝ ጎብኚ የወፎቹን ስም ባያውቅ እንኳ የሐይቁን ሁኔታ በራሱ ዓይን ማንበብ ይችላል።

የሦስቱ ሐይቆች አቀማመጥና ግንኙነት

ዝዋይ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የባቱ ከተማ ዳርቻ ይገኛል። ውኃው ጨው አልባ ሲሆን ከመቂና ከቀጠር ወንዞች ይመነጫል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ዳርቻው በሸምበቆ፣ በፊላና በደንገል የተሸፈነ፣ ለአእዋፍ መራቢያና ለነፍሳት መኖሪያ የተመቸ ነው።

ከዝዋይ የሚተርፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይወርዳል። ከላንጋኖ የሚነሣው የሆራ ከሎ ወንዝም የሚገባው ወደ አብያታ ነው። አብያታ ግን መውጫ የለውም። የሚገባውን ውኃ ፀሐይ ስታተነው፣ ውኃው ይዞት የመጣው ማዕድን እዚያው ስለሚቀር ሐይቁ ሶዳማ ሆኗል። ከአብያታ አጠገብ፣ በኮረብታ ተለይቶ የሚገኘው ሻላ ደግሞ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ከሀገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። እርሱም መውጫ የሌለው ሶዳማ ሐይቅ ነው።

አብያታና ሻላ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ከዚህ ስፋት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። በፓርኩ ከ400 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ዝዋይ ከፓርኩ ክልል ውጭ ቢሆንም በውኃም ሆነ በወፎች እንቅስቃሴ ከፓርኩ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት የተሟላ ግንዛቤ ይሰጣል።

ተስማሚው ወቅትና ሰዓት

በሐይቆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ በርካታ ወፎች አሉ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ደግሞ በአውሮፓና በእስያ የሚራቡ ፍልሰተኛ አእዋፍ ብርዱን ሸሽተው ስለሚመጡ ብዛታቸውም ዓይነታቸውም ይጨምራል። ዳክዬዎች፣ ረጃጅም እግር ያላቸው የጭቃ ዳር ወፎችና ጭራቸውን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ትናንሽ የሣር ሜዳ ወፎች በዚህ ወቅት በብዛት ይታያሉ። የክረምቱ ወራት ለመንገድ አስቸጋሪ ቢሆኑም፣ በሸምበቆ ላይ ጎጆ የሚሠሩ ቢጫ ወፎች ደማቅ ላባቸውን ለብሰው የሚታዩት በዝናብ ጊዜ ነው።

የቀኑ አከፋፈል እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል። ከንጋቱ 12:00 እስከ 3:00 ሰዓት ወፎች ለምግብ የሚንቀሳቀሱበትና አየሩ የተረጋጋበት ጊዜ በመሆኑ ለአእዋፍ ምልከታ እጅግ ተስማሚ ነው። ከረፋዱ 3:00 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትሞቅ የወፎቹ እንቅስቃሴ ሲቀንስ የነፍሳት እንቅስቃሴ ይጨምራል። ከቀኑ 10:00 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ወፎች ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ እንደገና ጥሩ የምልከታ ጊዜ ይሆናል። ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ እንድትሆን ቦታን መምረጥም ቀለምን በትክክል ለመለየት ይረዳል።

ለጉዞው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለጀማሪ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ካለ ይጠቅማል፤ በተለይ በአብያታ ወፎቹ ከዳርቻው ርቀው ስለሚቆሙ አስፈላጊነቱ ይጎላል። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ፣ ባርኔጣ፣ በቂ የመጠጥ ውኃ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ደብዛዛ ቀለም ያለው ልብስ፣ ጭቃ የሚችል ጫማና የትንኝ መከላከያ ቅባት መያዝ ያስፈልጋል። ነጭ፣ ቀይና ደማቅ ቢጫ ልብስ ወፎችን ስለሚያስበረግግ አይመከርም።

ወደ ፓርኩ የሚገቡ ጎብኚዎች በመግቢያው በር ተመዝግበው የመግቢያ ክፍያ በመፈጸም ደረሰኝ መቀበል ይኖርባቸዋል። በፓርኩ ውስጥ በእግር መዘዋወር የሚፈልጉ ከፓርኩ ስካውት ጋር እንዲሆኑ ይመከራል። ስካውቶች የጭቃውን ሁኔታ፣ የፍል ውኃውን አካባቢና ወፎቹ በዕለቱ የሚገኙበትን አቅጣጫ ያውቃሉ።

አእዋፍን እንዴት መለየት ይቻላል

አንድን ወፍ ለመለየት ቀለም ብቻ አይበቃም፤ ብርሃን ሲለዋወጥ ቀለምም ይለዋወጣል። ከቀለም በፊት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው መጠን ሲሆን፣ ወፉ ከሚታወቅ ወፍ፣ ለምሳሌ ከእርግብ፣ ከዶሮ ወይም ከአሞራ ጋር ይነጻጸራል። ሁለተኛው የምንቃሩ ቅርጽ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የተቆለመመ፣ ሰፊ ወይም ከረጢት ያለው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የእግሩና የጣቶቹ ርዝመት ነው። አራተኛው አመጋገቡ ነው። ምንቃርና እግር የምግብ መሣሪያዎች በመሆናቸው እነዚህን ያስተዋለ ሰው ወፉ ምን እንደሚመገብ መገመት ይችላል።

በዝዋይ ዳርቻ የሚታዩ

በባቱ ከተማ የጀልባ መቆሚያ አካባቢ ዓሣ አስጋሪዎች ቆሮሶና ሌሎች ዓሦችን ሲያጸዱ ትርፍራፊውን የሚጠባበቁ ትላልቅ ወፎች በቅርብ ይታያሉ። ከእነዚህ ውስጥ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ሥር የሚንጠለጠል ከረጢት ያለውና በብዙዎች ዘንድ አባ ኮዳ በመባል የሚታወቀው ትልቅ ሽመላ በቀላሉ ይለያል። ከጎኑ ነጩ ፔሊካን ይገኛል፤ ከረጅም ምንቃሩ ሥር ያለው ቢጫ ከረጢት እንደ መረብ ያገለግለዋል። ፔሊካኖች በክፍት ውኃ ላይ ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሦችን ወደ መካከል ሲነዱና ሁሉም በአንድ ጊዜ ምንቃራቸውን ሲነክሩ ማየት ይቻላል።

ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚያሰማው ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ ከውኃው በላይ በአየር ላይ ክንፉን እያራገበ አንድ ቦታ ቆሞ ከቆየ በኋላ በቀጥታ ወደ ውኃው ይወረወራል። የእርሱ ዘመድ የሆነው በጣም ትንሹ ዓሣ አጥማጅ ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ ሲሆን፣ ዝቅ ባለ ሸምበቆ ላይ በጸጥታ ስለሚቀመጥ ታጋሽ ተመልካች ይፈልጋል። በእንጨትና በድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ለፀሐይ የሚሰጠው ጥቁር ወፍ ኮርሞራን ይባላል፤ ጠልቆ ዓሣ ካደነ በኋላ ላባውን የሚያደርቅበት መንገድ ነው።

በውኃ ላይ በተንሳፈፉ ሰፋፊ ቅጠሎች ላይ ሳይሰጥም የሚራመደው፣ ጀርባው ቡናማ፣ ግንባሩ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ጃካና ነው። እጅግ ረጃጅም ጣቶቹ ክብደቱን ስለሚያከፋፍሉለት ቅጠሉ ይሸከመዋል። የዚህ ወፍ ሌላው አስደናቂ ጠባይ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ መሆኑ ነው። ነጫጭ ሳቢሳዎች ደግሞ በዳርቻው ከሚግጡት ከብቶች እግር ሥር የማይለዩ ሲሆን፣ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሡትን ፌንጣዎችና ሌሎች ነፍሳት ይለቅማሉ።

በአብያታ ዳርቻ የሚታዩ

በአብያታ ከሩቅ እንደ ሮዝ መስመር የሚታዩት ፍላሚንጎዎች ናቸው። በሐይቁ ሁለት ዓይነት ፍላሚንጎ ይገኛል። ትልቁ ፍላሚንጎ ቁመቱ የሚረዝም፣ ላባው ወደ ነጭ የሚያደላ፣ ምንቃሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ አጠር ያለ፣ ላባው ይበልጥ የቀላ፣ ምንቃሩም ጥቁር ቀይ ነው። ሁለቱም ራሳቸውን ገልብጠው ውኃውን በምንቃራቸው ያጣራሉ፤ ነገር ግን ትንሹ ፍላሚንጎ በዋናነት የሚመገበው በሶዳማ ውኃ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ሲሆን፣ ትልቁ በጭቃው ውስጥ የሚገኙ ትናንሽ ፍጥረታትን ይመገባል። በአንድ ሐይቅ ሳይሻሙ አብረው የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። የሮዝ ቀለማቸውም የሚገኘው ከሚመገቡት ምግብ ነው።

በውኃው ጠርዝ ላይ ቀጭን ቀይ እግርና መርፌ የመሰለ ጥቁር ምንቃር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ እንዲሁም ምንቃሩ ወደ ላይ የቀናው አቮሴት ይታያሉ። የመጀመሪያው ከውኃው ላይ ነፍሳትን እየለቀመ ሲመገብ፣ ሁለተኛው ምንቃሩን እንደ ማጭድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ በደለሉ ውስጥ ያለውን ምግብ ያስሳል። ከእነርሱ ጋር በቡድን የሚሮጡት ትናንሽ ግራጫ ወፎች በአብዛኛው ከሰሜን የመጡ ፍልሰተኞች ናቸው።

በሻላ ሰማይ የሚታየው

የሻላን ደሴቶች ነጩ ፔሊካን ለመራቢያነት ሲጠቀምባቸው ኖሯል። ደሴቶቹ በጥልቅ ውኃ የተከበቡ በመሆናቸው እንቁላልና ጫጩት የሚበሉ አውሬዎች አይደርሱባቸውም። ይሁን እንጂ ሻላ በቂ ዓሣ ስለሌለው ፔሊካኖቹ ምግባቸውን ከሌላ ሐይቅ ማምጣት አለባቸው። ረፋድ ላይ ምድር ስትሞቅና ሙቅ አየር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ፔሊካኖቹ ክንፋቸውን ሳያራግቡ በሰማይ ላይ ክብ እየሠሩ ከፍ ሲሉና ወደ ሰሜን ሲያመሩ ከዳርቻው ማየት ይቻላል። የመራቢያ ደሴቶቹን በጀልባ መቅረብ ወላጆቹን ስለሚያስበረግግና ጫጩቶቹን ለፀሐይና ለአሞራ ስለሚያጋልጥ ምልከታው ከዳርቻው ብቻ ሊሆን ይገባል።

ነፍሳትን እንዴት መለየት ይቻላል

ነፍሳትን ለመመልከት ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለት ሜትር በማይሞላ የሸምበቆ ዳር አሥር ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ መቆም ይበቃል። ሁሉም ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፤ ስምንት እግር ያላት ሸረሪት ከነፍሳት ወገን አይደለችም። ይህ ለሕፃናት ጥሩ መነሻ ይሆናል።

በዝዋይ ዳርቻ በመጀመሪያ ዓይን የሚስበው በብዙ አካባቢ የውኃ ተርብ ተብሎ የሚጠራው፣ ረጅም ሰውነትና አራት ብርሃን አስተላላፊ ክንፎች ያሉት በራሪ ነው። ስሙ ተርብ ይባል እንጂ አይናደፍም። ሁለት ወገኖች አሉት። አንደኛው ሰውነቱ ወፍራም ሲሆን ሲያርፍ ክንፎቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሌላኛው እንደ ክር የቀጠነ ሲሆን ሲያርፍ ክንፎቹን ከጀርባው በላይ ያጥፋል። ሁለቱም እንቁላላቸውን የሚጥሉት በውኃ ውስጥ ወይም በውኃ ዳር ተክል ላይ ነው። እጫቸው በውኃ ውስጥ እየኖረ የትንኝ እጮችንና ሌሎች ትናንሽ ፍጥረታትን እያደነ ያድጋል። ካደገ በኋላ በሸምበቆ ግንድ ላይ ወጥቶ ቆዳውን ሰንጥቆ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በሸምበቆ ላይ ተጣብቆ የሚገኘው ባዶ ቅርፊት የዚህ ለውጥ ምስክር ነው።

ከእነዚህ በራሪዎች አንዳንዶቹ እንደ ወፎች ሁሉ ፍልሰተኞች ናቸው። ቢጫማ ቀለም ያለው አንድ ዝርያ በነፋስ እየታገዘ ከሕንድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሕንድ ውቅያኖስን እንደሚያቋርጥ በተመራማሪዎች ዘንድ ይታመናል።

በጸጥተኛ ውኃ ላይ እግሩን ዘርግቶ እንደ ተንሸራታች የሚሄደው ቀጭን ነፍሳት እግሮቹ ውኃ በማያርሳቸው ደቃቅ ፀጉሮች የተሸፈኑ ስለሆነ አይሰጥምም። በአጠገቡ በክብ የሚሽከረከሩት ጥቋቁር ጥንዚዛዎች ዓይናቸው ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ግማሹ ከውኃው በላይ፣ ግማሹ ከውኃው በታች ያያል። በእርጥብ ጭቃ ላይ የተሰበሰቡ ቢራቢሮዎች ከተገኙ ደግሞ ከጭቃው ውስጥ ጨውና ማዕድን እየመጠጡ ነው።

አመሻሽ ላይ በውኃው ዳር እንደ ጢስ ዓምድ ሆነው የሚታዩት በራሪዎች ብዙዎችን ያስፈራሉ። አብዛኞቹ ግን የማይናከሱ የሐይቅ ትንኞች ሲሆኑ፣ እጮቻቸው ለዓሣ፣ ጎልማሶቹም ለወፎች ምግብ ናቸው። ከወባ ትንኝ የሚለዩት ደም ለመምጠጥ የሚያገለግል ረጅም መውጊያ ስለሌላቸው ነው። በአብያታ ጠርዝ የሚገኙት ነፍሳት በዓይነት ጥቂት ናቸው፤ ጨውንና ሶዳን የሚቋቋሙ ትናንሽ ዝንቦችና የውኃ ትኋኖች ግን በብዛት ሊገኙ ይችላሉ። በጭቃው ላይ የሚሮጡት ወፎች የሚመገቡትም እነዚህንና እጮቻቸውን ነው።

ወፎቹና ነፍሳቱ ስለ ውኃው የሚያመለክቱት

አብያታ ቀድሞ ቆሮሶ በብዛት የሚገኝበት ሐይቅ ነበር። የሻላ ፔሊካኖችም ኮረብታውን ብቻ ተሻግረው ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ያመጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ወደ ዝዋይ ከሚገቡት ወንዞችና ከራሱ ከዝዋይ ለመስኖ የሚቀዳው ውኃ በመጨመሩ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ የሚደርሰው ቀነሰ። ሶዳ አሽ ለማምረትም ከሐይቁ በቀጥታ ውኃ ተወስዷል። መውጫ የሌለው ሐይቅ የሚገባው ውኃ ሲቀንስበት ዳርቻው ይሸሻል፣ ጨውና ሶዳውም ይጠነክራል። የአብያታ ስፋት ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ቀንሷል፤ የውኃው ጠባይ በመለወጡም ዓሣው ጠፋ። ፔሊካኖቹ አሁን ለምግብ ርቆ ወደሚገኘው ዝዋይ መብረር ግድ ሆኖባቸዋል። ረፋድ ላይ በሻላ ሰማይ የሚታየው ውብ በረራ የዚህ ለውጥ ውጤት ጭምር ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ወፍ በብዛት መታየቱ ብቻውን የሐይቁን ጤንነት አያረጋግጥም የሚል ነው። በአብያታ ፍላሚንጎዎች አሁንም ይታያሉ፤ ምክንያቱም ምግባቸው በሶዳማና ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚገኝ ነው። ዓሣ በሎቹ ግን አካባቢውን ለቀዋል። ስለዚህ ጎብኚው ያየውን ብቻ ሳይሆን ሊኖር ሲገባው ያላየውንም መመዝገብ ይኖርበታል።

ነፍሳትም ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣሉ። በጨው አልባ ውኃ ዳር የተለያዩ የውኃ ተርቦች፣ ጥንዚዛዎችና በውኃ ላይ የሚንሸራተቱ ነፍሳት አብረው ከተገኙ ውኃውና የዳርቻው ተክል በአንጻራዊነት ደህና መሆናቸውን ያመለክታል። የነፍሳቱ ዓይነት ቀንሶ ኦክስጂን ባነሰበት ውኃ መኖር የሚችሉት የቀይ ትንኝ እጮች ብቻ በርክተው ሲገኙ ደግሞ ውኃው በፍሳሽ ተበክሎ ሊሆን ይችላል። የአንድ ቀን ምልከታ ለድምዳሜ ባይበቃም፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅትና ቦታ የሚደገም ምልከታ ጠቃሚ መረጃ ይሆናል።

መከበር ያለባቸው ሥርዓቶች

አንድ ወፍ መመገቡን አቁሞ አንገቱን ቀና ካደረገ ተመልካቹ ከሚገባው በላይ ቀርቧል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ለፎቶግራፍ ሲባል የፍላሚንጎ መንጋን በሩጫ፣ በጩኸት ወይም በመኪና ማስነሣት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ወፎቹ በእያንዳንዱ ያለፈቃዳቸው በረራ ለመመገብ የሚያስፈልጋቸውን ጊዜና ጉልበት ያጣሉ። ሕፃናትን ገንዘብ ሰጥቶ ወፍ እንዲያስነሡ ማድረግም በተመሳሳይ ሊወገድ ይገባል።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን የሚከለክል ነው። በመሆኑም እንቁላል፣ ጎጆ፣ ጫጩትም ሆነ ነፍሳትን ከፓርኩ ይዞ መውጣት አይፈቀድም። ለጥናት ናሙና መውሰድ የሚፈልጉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ድሮን ማብረርም የሚመለከታቸውን አካላት ፈቃድ ይጠይቃል። የዓሣ አስጋሪዎችንና የአካባቢውን ነዋሪዎች ፎቶግራፍ ማንሣት የሚቻለው ፈቃዳቸውን ጠይቆ ነው። ፕላስቲክና የዓሣ መንጠቆ ክር በወፎች እግርና ምንቃር ላይ እየተጠመጠመ ጉዳት ስለሚያደርስ ቆሻሻን ይዞ መመለስ ግዴታ ነው።

ለደኅንነት የሚደረግ ጥንቃቄ

የአብያታ ዳርቻ ከላይ ሲታይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ አለው። መኪና ወደ ውኃው ማስጠጋት በጭቃ መያዝን ያስከትላል፤ እግረኞችም ስካውቱ የሚያሳያቸውን መንገድ ብቻ መከተል አለባቸው። በሻላ ዳርቻ የሚገኙት ፍል ውኃዎች ቆዳን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት ስላላቸው ሕፃናት ብቻቸውን እንዳይቀርቡ ያስፈልጋል። በዝዋይ ጉማሬዎች ስለሚኖሩ ንጋትና ምሽት ላይ ጥቅጥቅ ባለ ሸምበቆ ውስጥ መግባት አደገኛ ነው። በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ ሊተላለፍ ስለሚችል በባዶ እግር ውኃው ውስጥ መግባት አይመከርም። አካባቢው ወባ የሚታይበት በመሆኑ ምሽት ላይ ሰውነትን መሸፈንና ለሚያድሩ ጎብኚዎች አጎበር መጠቀም ተገቢ ነው። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የነበረበትን አካባቢ ለባለሙያው መንገር አለበት።

የታየውን መመዝገብና ማሳወቅ

ጠቃሚ ማስታወሻ አምስት ነገሮችን ይይዛል፤ እነዚህም ቀኑና ሰዓቱ፣ ትክክለኛው ቦታ፣ የታየው ወፍ ወይም ነፍሳት ዓይነት፣ ብዛቱ እና ሲያደርግ የነበረው ነገር ናቸው። ስሙ ያልታወቀ ከሆነ መጠኑን፣ ምንቃሩን፣ እግሩንና አመጋገቡን መግለጽ ይበቃል። ብዛት ያለውን መንጋ ለመቁጠር በመጀመሪያ አሥር ወፎች የሚይዙትን ስፋት በዓይን ለክቶ፣ ያ ስፋት በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ማስላት የተለመደ ዘዴ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በየዓመቱ ጥር ወር አካባቢ በሚካሄደው የውኃ ወፎች ቆጠራም ባለሙያዎች ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማሉ።

በእግሩ ላይ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ወፍ የታየ እንደሆነ በቀለበቱ ላይ የሚነበበውን ቁጥርና ፊደል መዝግቦ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት መስጠት ወፉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስችላል። በአንድ ቦታ ብዛት ያላቸው የሞቱ ወፎች ወይም ዓሦች ሲታዩ፣ ያልተለመደ ሽታ ወይም ቀለም ያለው ፍሳሽ ወደ ውኃው ሲገባ፣ እንዲሁም እምቦጭ በአዲስ ቦታ ሲገኝ ሳይነኩ ቦታውንና ሰዓቱን ለስካውት፣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ለሚገኘው የወረዳ አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በአስቸኳይ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በተለይ የሞቱ ወፎችን በእጅ መንካት ለጤና አደገኛ ሊሆን ይችላል።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ የተማሪዎቹ ማስታወሻ በትምህርት ቤቱ ተጠብቆ ለሚቀጥለው ዓመት ጎብኚዎች እንዲተላለፍ ማድረግ ይችላሉ። ከአብያታ ዓሣው የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ ለውጡ ዓመታትን ወስዷል። ዝዋይ ዛሬም ፔሊካኑን፣ ዓሣ አስጋሪውንና የውኃ ተርቡን በአንድነት እየመገበ ይገኛል። ይህ እንዲቀጥል በዳርቻው የሚታየውን ለውጥ በጊዜ የሚያስተውልና የሚያሳውቅ ዜጋ ድርሻ ከፍተኛ ነው።